ጀርባ የሌለው ፍሪጅ

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አዲስ ሰው ስትተዋወቅ በቀኝ እጇ እየጨበጠች በግራ እጇ የሰውዬውን ኮት ጠርዝ ያዝ ታደርግና፣ በአውራ ጣቷ ገልበጥ አድርጋ ገበሩን ታየዋለች። ክፋት የለባትም፤ ልማድ ነው። አንድ ጊዜ ሰልፍ ላይ ከፊቷ የቆመ ሰው የኮቱ ጫፍ ሲነካ ተሰምቶት ኪሱን ጨብጦ "ሌባ!" ብሎ ጮኸባት። እሷ ከምንም ሳትቆጥረው "ሌባስ ይህን የሰፋልህ ነው" አለችው። የልብስ ፊቱ ለመንገደኛ ነው፣ እውነቱ ከውስጥ ነው ባይ ነበረች። "ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" የሚለውን ተረት በቀን ሦስት ጊዜ ካልተናገረች ያመማት ይመስለን ነበር።

እግዜር ደግሞ ቀልድ ሲያምረው ለዚህች ሴት ፊት ብቻ የሚሠራ አናጺ አማች ሰጣት።

ጋሼ፣ የታላቅ እህቴ ባል ማለት ነው፣ በቴሌቪዥን ጣቢያ የስቱዲዮ ዕቃ ይሠራ ነበር። የሀብታም ሳሎን ግድግዳ፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ፣ የዳኛ ወንበር፣ ያዘዙትን ሁሉ በሁለት ቀን ያቆመዋል። ከፊት ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ከኋላው ዞር ካሉ ግን ሁለት ቋሚ እንጨትና አንድ ድጋፍ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ሙያው ነው። ካሜራ የማያየውን ጀርባ የሚቀባ የስቱዲዮ አናጺ ቀለም አባካኝ ይባላል። ይህን ግን ለእናቴ ማን ያስረዳት።

ጠባቸው የተጀመረው እህቴን ባገባ በዓመቱ ነው። ለአማቱ ደስ ይበላት ብሎ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሠርቶ በሁለት ሰው አሸክሞ መጣ። እናቴ ዕቃው ከትከሻቸው ሳይወርድ ዞረችው።

"የት አለ?" አለች።

"ምኑ እማማ?"

"ጀርባው።"

"ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ግድግዳው ጀርባ ይሆነዋል።"

"ግድግዳው የኔ ነው። አንተ ታዲያ ያመጣኸው ምኑን ነው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርታው አታውቅም። በጣቢያው የተቀጠረው በጊዜያዊነት ነበር፤ ውሉ በየስድስት ወሩ ይታደስለታል። እሷም "ጊዜያዊው" ብላ ስም አወጣችለት። "ጊዜያዊው ገባ? ጊዜያዊው በላ?" እያለች አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ግን ጆሮው እንደሚቀላ እኔና እህቴ እናውቅ ነበር። ሁላችንም የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እኔ ያኔ አላገባሁም፣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ እለያለሁ። የደብዳቤ ነገር ስለሚገባኝ ነው እንግዲህ፣ ጋሼ በሕይወቱ የሚጠብቀው ደብዳቤ አንድ ብቻ እንደሆነ የማውቀው። የቋሚነት ደብዳቤ።

በዚያ ዓመት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ጣሪያው እያፈሰሰ ተቸገረና የዕርዳታ ሎተሪ አወጣ። ጣቢያው ደግሞ "እኔም ላግዝ" ብሎ "ያወቀ ይውሰድ" የሚባል የጥያቄና መልስ ውድድር ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቀጥታ ይተላለፋል። ከተሸጡት የሎተሪ ትኬቶች ሁለት ቁጥር ይወጣል፣ ባለቁጥሮቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተው ይፋጠጣሉ። ያሸነፈ ፍሪጅ፣ የተሸነፈ ፔርሙስ። ፍሪጆቹን ልሰጥ ነው ያለው አንድ ነጋዴ ነበር። አሥራ ሦስት ቃል ገብቶ አንድ ላከ። አንዱን ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት አሸናፊ፣ አንድ ጡንቸኛ የስፖርት አስተማሪ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ተሸክሞት ሄደ። "የቀሩትስ?" ሲባል ነጋዴው "መንገድ ላይ ናቸው" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የፕሮግራሙ ኃላፊ በሠራተኛው ዘንድ "አይቸግርም" ነው የሚባለው፤ ሕንፃው ቢቃጠል እንኳ "አይቸግርም" ሳይል የእሳት አደጋ አይጠራም። ጋሼን ወደ ቢሮው አስጠራና "እስከ ቅዳሜ ፍሪጅ ሥራልኝ" አለው።

"ፍሪጅ?"

"የሚመስል። መድረክ ላይ የሚቆም አንድ ነገር ያስፈልገናል። አሸናፊዎቹን ወረቀት ሰጥተን እንሸኛለን፣ ዕቃው ሲመጣ ይወስዳሉ፣ አይቸግርም። ፕሮግራሙ በሰላም ካለቀ የቋሚነትህን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ።"

"ቢታወቅስ?"

"ቢታወቅማ አንተ በገዛ ፈቃድህ የሠራኸው ነው። እኔ አላየሁም።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ጋሼ ግን ደብዳቤውን ብቻ ነው የሰማው። የጎረቤታችንን ፍሪጅ በክር ለክቶ፣ ከስስ ጣውላ ቆርጦ፣ የመኪና ቀለም አምስት ጊዜ ቀባው። እጀታውን ከተሰበረ ፍሪጅ ነቀለ። በሩን እንዲሁ መሳል ይችል ነበር፤ "በር ብዬ የማይከፈት ነገር ከሠራሁ እጄ ይቆረጥ" አለና ማጠፊያ ገጠመለት፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት ቀበረበት። ሲዘጋ "ጠብ" ይላል፣ ልክ እንደ እውነተኛው። መደርደሪያ የለውም። ጀርባም፣ መቼም ገምታችኋል፣ የለውም።

አንድ ችግር ግን ነበረበት፤ ክብደት የለውም፣ ትንሽ ከተደገፉት ይወድቃል። የውድድሩ አቅራቢ ደግሞ ሲያወራ ክንዱን የሆነ ነገር ላይ ካላስደገፈ አይሆንለትም። ስለዚህ ጋሼ በየቅዳሜው ከፍሪጁ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ሁለቱን ድጋፎች ጨብጦ ይይዛል። አገር ምድሩ ፍሪጅ ሲያይ፣ የእኛ ሰው ውስጡ ተቀምጦ ላብ ያፈሳል።

ይህን ለእህቴ ነገራት፣ እህቴ ለእኔ ነገረችኝ። ለእናቴ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። "ደግሞ ሌላ ጀርባ የሌለው ነገር ሠራህ?" ስትለኝ ከምሰማ ከሥራ ብባረር ይሻለኛል አለ ጋሼ። እኛም ማልን። የሞኝነታችን ሁሉ መጀመሪያ ይህ መሐላ ነበር።

እናቴማ በየቅዳሜው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ያንን ፍሪጅ በዐይኗ ትበላዋለች። ጎረቤታችን ፍሪጅ ካስገባች ወዲህ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ትልክላት ነበር፣ "እግዜር ለእርስዎም ይስጥዎት" ከሚል ምርቃት ጋር። "ውሃው አይደለም" ትላለች እናቴ፣ "ምርቃቱ ነው የሚያንቀኝ።" ለካ ሎተሪውን ቆርጣ ኖሯል። በአራተኛው ሳምንት ቁጥሯ ወጣ።

ቤቱ ተናወጠ። ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። "እማማ፣ ይቅርብዎት። የሠራተኛ ቤተሰብ መወዳደር አይችልም፣ ክልክል ነው።"

"አውቃለሁ፤ ትኬቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል" አለች። ሰው ሁሉ ትኬት ሲገዛ ቁጥሩን ያያል፣ እሷ መጀመሪያ ያነበበችው ጀርባውን ነው። "የሠራተኛ ቤተሰብ ነው የሚለው። ጊዜያዊ ደግሞ ሠራተኛ ነው እንዴ? ቋሚ ስትሆን ያኔ እንዛመዳለን።"

"ከታወቀ እኔን ያባርሩኛል እኮ!"

"ማን ያሳውቃል? እዚያ ስገባ አላውቅህም።"

አለማወቁን አሥራ አንድ ዓመት ተለማምዳዋለችና በዚህ በኩል የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ጋሼ ስለ ፍሪጁ ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ የቁም ሳጥኑን በር እየዘጋች ነበር፤ አየው፣ አፉን መልሶ ገጠመው።

ቅዳሜ ደረሰ። ተወዳዳሪ አንድ አጃቢ ይዞ መግባት ስለሚችል እኔ ተከተልኳት። ስቱዲዮው ከውጭ ሲታይ ካለው ግርማ ይልቅ ከውስጥ ጠባብ ነው፤ መብራቱ ራስ ይበሳል። እናቴ ገና ከመግባቷ የተወዳዳሪውን ጠረጴዛ ጠርዝ ዳሰሰች፤ በወርቃማ ወረቀት ተለብጦ ከኋላው ምስማር አግጥጧል። ወደ እኔ ዞር አለችና "የማን ሥራ እንደሆነ አወቅሽው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ተጋጣሚዋ ክራባት ያሰረ የባንክ ጸሐፊ ነበር። ጥያቄው ሳያልቅ ደወሉን የሚደቁስ ዓይነት ሰው። አቅራቢው "በዓለም ላይ ትልቁ..." ከማለቱ ደወለና "ዝሆን!" አለ። ጥያቄው ለካ ስለ ውቅያኖስ ነው። "ፓሲፊክ" አለች እናቴ፣ "ዝሆኑ ዳር ቆሞ ይጠብቅ።" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለእሷ ደግሞ "አዋቂ ሰው ስንት ጥርስ አለው?" ሲላት "የማንን ነው የምትጠይቀኝ? የኔን ከሆነ ቁጥሩ ያሳዝናል፤ ሙሉ ሰው ከሆነ ሠላሳ ሁለት" አለች። የባንክ ጸሐፊው ግን ቀላል ሰው አልነበረም፣ ስለ አገሮች ዋና ከተማ የተጠየቀውን ሁሉ ለቀመው። እኩል ለእኩል ሆነው አንድ ጥያቄ ቀረ።

"ንብ ስንት ክንፍ አላት?"

ደወሉን እሱ ቀደመ። "ሁለት!"

"አዝናለሁ። እናታችንስ?"

"አራት። ከላይ የሚታዩት ሁለቱ ናቸው፣ ሌሎቹ ከሥር ተደርበዋል። ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው እንጂ ልጄ፣ ችኮላ ምን ያደርጋል?"

ጭብጨባው ሲወርድ እኔ አላጨበጨብኩም። ዐይኔ ፍሪጁ ላይ ነበር። አቅራቢው እናቴን በክንዷ ደግፎ ወደዚያው ወሰዳትና "እንግዲህ ንብረትዎ ነው፣ ዳሰስ ያድርጉት!" አላት። እስከዚያ ቀን ያሸነፉት ሁሉ በሩን መታ መታ አድርገው፣ እንባቸውን ጠርገው ሄደዋል። እናቴ ግን ልብስ ሰፊ ናት። አውራ ጣቷ ወደ ጠርዙ ሲሄድ አየሁት። "እማ!" ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። እጀታውን ሳበችና ከፈተችው።

በሩና የእሷ ሰፊ ሹራብ ካሜራውን ጋርደውታል። ውስጡን ያየነው ከፊት የቆመችው እሷና ከጎን የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነን። ጋሼ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። አፉ ውስጥ ሁለት ምስማር ይዟል፣ በሁለት እጁ ድጋፎቹን ጨብጧል፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ከኋላው የስቱዲዮው መጋረጃ ይታያል። አማትና አማች ተያዩ። ከካሜራዎቹ ጀርባ አይቸግርም ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ያን ቀን ቢያንስ ቸግሮታል።

ዕድሜ ልኳን ስትፈልገው የኖረችው ጉድ ከነጅራቱ እፊቷ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር አሥራ አንድ ዓመት ያለችው ሁሉ በአገር ፊት እውነት ይሆንላታል። እኔ እናቴን ስለማውቃት ትናገራለች ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"ኧረ ብርዱ!" አለች። "ኧረ ወገቤን! ዝጉት፣ ዝጉት!" ሹራቧን ሰብስባ በሩን ወርውራ ዘጋችው። ጠብ አለ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አቅራቢው ነፍሱ ተመልሳ "እንዲህ ነው የሚያቀዘቅዘው!" እያለ ክንዱን ሊያስደግፍ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው። "ተወው" አለችው፣ "ይረፍበት።"

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አይቸግርም ቢሮው አስገባንና "ፍሪጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረከባሉ" የሚል ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱን ገለበጠችው።

"ጀርባው ባዶ ነው" አለች።

"ምን... ምን ይጻፍበት ነበር እማማ?"

"ቆይ እስኪ። ያ ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ማን ነው?"

"እሱማ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። በገዛ ፈቃዱ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሠራው። አይቸግርም፣ ሰኞ እናሰናብተዋለን።"

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቴ ሳይጋብዟት ስትቀመጥ ነገር አለ ማለት ነው። "ልጄ" አለችው፣ "እኔ ባልቴት ነኝ፣ ወሬ እወዳለሁ። አሁን ቤቴ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ብርዱ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?"

"ዝም ይበሉ እንጂ!"

"ዝም አይነቅዝም፣ እውነትህን ነው። ዋጋ ግን አለው። ፍሪጅህን ትቼልሃለሁ፤ መቼም የለህም። ለዚያ ሰውዬ የቋሚነት ደብዳቤ ጻፍለት።"

አይቸግርም ጠረጠራት። "ዘመድዎ ነው እንዴ?"

"እኔ? እሱን? ዛሬ ገና ነው ያየሁት" አለች፣ ዐይኗ እንኳ ሳይንቀሳቀስ። "ሙያውን አይቼ ነው። በሩ ሲዘጋ ዝንብ አያስገባም። እንዲህ ያለ እጅ ታሰናብታለህ?"

ደብዳቤው እዚያው ተጻፈ። ማኅተም ካላረፈበት አልነሳም አለች፤ አረፈበት። አይቸግርም ደብዳቤውን ሰኞ ለአናጺው ሊሰጥ ቃል ገብቶ ሲሸኘን፣ እሷ የፍሪጁን ወረቀት አልመለሰችለትም። ደረጃው ላይ ቆማ የልብስ ልክ የምትይዝበትን እርሳስ ከቦርሳዋ አወጣች፣ በባዶው ጀርባ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ምን እንደጻፈች ብጠይቃት "ከዚህ የሰማሽውን አንዲት ቃል ከተነፈስሽ አፍሽን እሰፋዋለሁ" አለችኝ። ስፌቷ ደግሞ አይተረተርም።

ሰኞ ጋሼ ደብዳቤውን እያውለበለበ እየሮጠ ገባ። እህቴን አቅፎ አዞራት፣ እኔን አቅፎ አዞረኝ። "ሥራዬን አይተው ነው! ኃላፊው በራሱ አፍ፣ 'በሩ ሲዘጋ ዝንብ አያስገባም፣ እንዲህ ያለ እጅ አናሰናብትም' አለኝ!" እኔ ሳቄን ለመያዝ መቀነቴን ነከስኩ። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "እንግዲህ ቋሚ ከሆንክ የሠራተኛ ቤተሰብ ሆንን ማለት ነው። ሎተሪዬ ቀረብኝ" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን "ጊዜያዊው" የሚለው ስም ከቤታችን ጠፋ። "ልጄ" አለችው እንዳልል፣ እንደዚያ ያለች ሴት አይደለችም። "አንተ" ነበር የምትለው። እሱ ግን "አንተ"ን እንደ ሹመት ነው የተቀበላት።

"ያወቀ ይውሰድ" በዘጠነኛው ሳምንት ሞተ። ወረቀት የያዙ ሰባት አሸናፊዎች ተሰባስበው ጣቢያው በር ላይ ቆሙና ነገሩ በዚያው አበቃ። ስምንተኛዋ ለምን እንዳልመጣች ማንም አልጠየቀም። መጦሪያው ግን ከትኬቱ ሽያጭ ጣሪያውን አሠርቷል፤ እናቴ ሄዳ ከውስጥ ቀና ብላ አይታ ነው ያመነችው። ጣቢያው አሮጌ ዕቃውን ሲያወጣ ጋሼ ያን ፍሪጅ በጋሪ ጭኖ መጣ። "አሸንፈውታል እኮ እማማ። ዛሬውኑ ጀርባ እገጥምለታለሁ።"

"እንዳትነካው!" አለችው።

እኛ ደነገጥን። አሥራ አንድ ዓመት ስለ ጀርባ የነዘነዘች ሴት! ሳሎን ውስጥ አቁማ ክርና ቁራጭ ጨርቋን ከተተችበት። ጎረቤታችን ስትመጣ ከሱቅ ያስመጣችውን ቀዝቃዛ ውሃ ከዚያ ውስጥ አውጥታ "እግዜር ይጨምርልሽ" እያለች ሦስት ሳምንት አጠጣቻት። ሴትዮዋ አንድ ቀን ሽቦው የት እንደሚሰካ ባትፈልግ ኖሮ እስከ ዛሬ ትጠጣ ነበር።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ። ጋሼ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ፤ በሽኝቱ ላይ ያችን የዝንቧን ነገር ለሃምሳኛ ጊዜ አወራት። በወሩ እኔ ቤት መጥቶ ከእናቴ የወረስኩትን ያን ፍሪጅ አየና "እንግዲህ የሚከለክለን የለም" አለ። መጋዙን አምጥቶ ጣውላ ለካ። ጨርቁን ሲያወጣ ታች አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ዘረጋው።

"'ፍሪጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረከባሉ'" ብሎ አነበበና ሳቀ። "ምስኪን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው?"

መልሶ ሊያጥፈው ጀመረና ተወው። ከዚያች ሴት ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሮ የለ፣ በአውራ ጣቱ ገለበጠው።

በእርሳስ፣ በእሷ ጠማማ ጽሕፈት፣ "ፍሪጁን ትቼ አናጺውን ወስጃለሁ" ይላል።

ጋሼ ከፍሪጁ ኋላ፣ ያኔ እንደተቀመጠው፣ ቁጢጥ አለ። ጆሮው ቀልቷል፣ የሚስቅ ግን አልነበረም። በመጨረሻ በበሩ በኩል ቀና ብሎ አየኝ።

"ዝንቧም የእሷ ነበረች?" አለኝ።

"የእሷ ነበረች" አልኩት።